ከመጠጥ ለመላቀቅ የትኛው ስብሰባ ይሻላል? ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው የተጻፈ የንጽጽር መመሪያ

መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩው ቡድን የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከመጠጥ ከተላቀቅሁ ወዲህ ሰዎችን ወደ ስብሰባ ስሸኝ ይህን ጥያቄ በሌላ እተካዋለሁ፦ «ወድቀው ባደሩ ማግስት የሚሄዱበት ቦታ የትኛው ነው?» ሳምንቱን ሙሉ ሳይቀምስ የሰነበተ ሰው የትም ገብቶ ቢናገር ይመሰገናል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አምሽቶ፣ ኪሱን አራግፎ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቤቱ የገባ ሰው ግን በማግስቱ «ትናንት ጠጣሁ» ብሎ የሚናገርበት ቦታ ጥቂት ነው። ያን ቦታ ያገኘ ይመለሳል፤ ያላገኘ ይደበቃል፤ የተደበቀ ደግሞ ይጠጣል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማነጻጽረው በዚህ ሚዛን ነው።

ሐኪም የሚቀድመው ለማን ነው

በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይም ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ከስብሰባ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ አካሉ ይታመማል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ ያተኩሰዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰብ «ጋኔን ያዘው» ብሎ አልጋ ላይ አስሮ ሲያስቀምጠው ሊድን የሚችል ሰው ይሞታል።

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ሄደው «በየቀኑ ይህን ያህል እጠጣለሁ፤ ማቆም እፈልጋለሁ» ይበሉ። መጠኑን አያሳንሱ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመጥነው በሚነግሩት ልክ ነው። ዳያዚፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይሰጣል፤ ከእርሱም ጋር ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 አለ፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው አንጎል እንዳይጎዳ የሚጠብቀው እርሱ ነው። የራስዎን ደረጃ ለማወቅ ከፈለጉ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ አሳሳቢ ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሱሱን በባለሙያ ሊያስመረምር ይገባል። ጤና ባለሙያው ከእርስዎ ጋር ሆኖ ሊሞላው ይችላል።

የጨብሲ ሰዓት

በእኛ አገር ስለ መጠጥ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ጠጪው በቀጥታ ከሥራ ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ ያስመስለዋል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ መንገዱ በሌላ በኩል ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ አዘግቶ፣ የጫት በርጫ ይጀመራል። ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ በጨዋታ ያልፋል። ሲመሽ ምርቃናው አለቅ ይላል፤ ዓይን አይከደንም፣ ሐሳብ አይቆምም። ያን ጊዜ ምርቃናውን ለማብረድ «ለጨብሲ» ተብሎ አንድ ቢራ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ ይወሰዳል። አንዱ ግን አንድ ሆኖ አይቀርም። እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የመጠጥ ሱስ የያዘው በዚህ በር ገብቶ ነው፤ ጫቱን እንደ ልማድ፣ ጨብሲውን እንደ መድኃኒት እየቆጠረ።

ስለዚህ ስብሰባ ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚያነጻጽሩት ዘዴውን ሳይሆን ሰዓቱን ይሁን። እሑድ ረፋድ የሚሰበሰብ ግሩም ቡድን ቢኖርና ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚሰበሰብ መካከለኛ ቡድን ቢኖር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ እግር በራሱ ወደ ግሮሰሪ የሚሄድበት ነው፤ በዚያ ሰዓት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የዕለቱን ፈተና ግማሹን አልፎታል። የእሑዱ ስብሰባ ልብ ይሞላል፤ የማክሰኞን ምሽት ግን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ስለ ጫት መናገር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር (ዝርዝሩ ከታች አለ) ዓላማው አልኮል ብቻ ስለሆነ ጫት የሚነሣው ከመጠጡ ጋር በተያያዘበት ልክ ነው። ሌሎች አደንዛዥ ነገሮችን የሚመለከተው እኅት ማኅበሩ ናርኮቲክስ አኖኒመስ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በሥነ ልቦና ሳይንስ ላይ የቆመው ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው ሌላ ማኅበር ሁሉንም ሱስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያያል። የሆስፒታል ምክርም እንዲሁ። ቡድኑ የትኛውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን «እኔ የምጠጣው ከበርጫ በኋላ ነው» ብለው ይሞክሩ። የሚሰሙት ሰዎች ከገባቸው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። «ጫት ምን አለበት፣ ዋናው መጠጡ ነው» ብለው ካለፉት፣ ችግርዎ የሚጀምርበትን ሰዓት አላዩልዎትም ማለት ነው።

አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ የተጀመረ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ደላላና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው፣ ተገናኝተው ሲነጋገሩ አንድ ነገር አዩ፦ አንዱ ጠጪ ሌላውን ሲረዳ ራሱም ሳይጠጣ ይውላል። ዛሬም የኤኤ መሠረት ይኸው ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ ምዝገባ የለም፤ ከውጭ ድርጅት ገንዘብ አይቀበልም። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ያቆመ ሰው ብቻ አላልኩም፤ የፈለገ ሰው። ትናንት የጠጣ ሰው ዛሬ በሙሉ መብት ይቀመጣል። በእኔ ሚዛን ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንዱ ይመራል፤ ሰዎች በተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም። ይህ ሥርዓት ለእኛ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሽማግሌ በተሰበሰበበት ምክር ሳይሰጥ የሚበተን ጉባኤ አልለመድንማ። ነገር ግን የተሸነፈውን ሰው አንደበት የሚፈታው ያ ዝምታ ነው። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ክፍት የሚባለው ላይ ቤተሰብም ጓደኛም ሊገባ ይችላል፤ ዝግ የሚባለው ግን ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድምዎን ወይም ባለቤትዎን አስከትለው ለማየት ከፈለጉ ክፍቱን፣ አንጀትዎን ለመናገር ከፈለጉ ዝጉን ይምረጡ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሃይማኖቱ ነው። የኤኤ አባላት በተራ የሚያልፉባቸው አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ፈጣሪን ይጠራሉ፤ «እንደምንረዳው» የሚል ቃል ግን አክለውበታል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በራሱ እምነት ይገባበታል። አምስተኛው ደረጃ ጥፋትን ለፈጣሪ፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናዘዝን ይጠይቃል፤ ንስሐ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ዘጠነኛው ደግሞ የበደሉትን መካስ ነው፤ የባሰ ጉዳት የሚያመጣ ካልሆነ በቀር። የእኛ ሰው ዘጠነኛው ላይ ብርቱ ነው፤ ዕርቅ እናውቃለን። የመጀመሪያው ደረጃ፣ መጠጡ አቅሜን እንዳሸነፈው ማመን፣ ላይ ግን ወንዶቻችን ለወራት ሲቆሙ አያለሁ።

ማስረጃም አለ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን አይቷል። በባለሙያ እየታገዙ ወደ ኤኤ እንዲገቡ ከተደረጉት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጡ የተገኙት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ እንደ ሥነ ልቦና ምክር ያለ ሌላ ሕክምና ካገኙት ውስጥ 35 በመቶ ያህል ናቸው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ሐረር ላይ ይኸው ቁጥር ይመጣል ብዬ አልነግርዎትም። ሁለት ነገር ግን ያሳያል፦ በነጻ የሚገኝ ስብሰባ ከሚከፈልበት ሕክምና አያንስም፤ በተሻለው መንገድ ከሄዱትም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት በዓመቱ ውስጥ ጠጥተዋል። ስለዚህ ነው ስለ ማግስቱ አጥብቄ የምናገረው።

ስፖንሰር የሚባለው ነገርም ከኤኤና ደረጃዎቹን ከሚከተሉ መሰሎቹ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ቀድሞ ያቆመ፣ ደረጃዎቹን አልፎ የሚያውቅ፣ አምሮት ሲያንቀጠቅጥዎ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት መሆኑ የተለመደ ነው፤ ይህን ልማድ ያክብሩት።

ስማርት ሪከቨሪ

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ መንፈሳዊ ቋንቋ አይጠቀምም። የሥነ ልቦና ሳይንስ ነው መሠረቱ። አራት ነገሮች ላይ ይሠራል፦ የማቆም ፍላጎትን ማጠንከር፣ አምሮትን መቋቋም፣ ሐሳብን፣ ስሜትንና ጠባይን መግራት፣ ሚዛኑን የጠበቀ ኑሮ መኖር። በስብሰባው ላይ የሠለጠነ አመቻች አለ፤ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ሐሳብ ይሰጣጣሉ። ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራም አለ፤ ለምሳሌ መጠጣት የሚሰጠኝና የሚነሣኝ፣ ማቆም የሚሰጠኝና የሚነሣኝ ተብሎ አራት ቦታ የተከፈለ ሠንጠረዥ። ስፖንሰር የለውም፤ «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ራስን መጥራትም አይጠየቅም።

ለመምህር፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ላለ ወጣት፣ ነገሩን አስልቶ ማየት ለሚወድ ሁሉ የሚስማማ ነው። ለእኛ ድክመቱ ከእዚህ ሆኖ የሚገኘው በዋናነት በኢንተርኔትና በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ስለ ራስ ውርደት በሁለተኛ ቋንቋ መናገር ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከልብ የሚወጣው ነገር በእናት ቋንቋ ሲሆን ይበልጥ እንደሚያሳርፍ አምናለሁ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛም ይሁን ሐረሪ፣ ያለቀሱበት ቋንቋ ማለቴ ነው።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ስለት

ይህን ክፍል በጥንቃቄ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ መጠጥን ያስቆማቸው ጸበል የሆነላቸውን፣ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ገብተው የተመለሱትን አውቃለሁና። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከድሬዳዋና ከሐረር በእግርም በመኪናም ወደ ቁልቢ ከሚጎርፈው ሕዝብ ውስጥ «ከዚህ መጠጥ ገላግለኝ» ብሎ የሚሄድ ብዙ ነው። ስለት ኃይል አለው። የማይናወጥ ቀን ይሰጣል፤ ለቤተሰብ የሚነገር ቃል ይሰጣል፤ ለጓደኛ ግብዣ «ስለት አለብኝ» የሚል የማይከራከሩት መልስ ይሰጣል። ጋባዥን እንቢ ማለት እንደ መናቅ በሚቆጠርበት ከተማ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ስጋቴ ስለቱ ሲፈርስ ነው። ቡድን ውስጥ የወደቀ ሰው ለቡድኑ ነግሮ ይነሣል፤ ስለቱን ያፈረሰ ሰው ግን ከፈጣሪ ጋር የተጣላ ስለሚመስለው ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል። ስለዚህ የሃይማኖት መንገድ ሲመርጡ ከስለቱ ጋር ሰው ይያዙ። የንስሐ አባትዎ ከወደቁ በኋላ በማግስቱ ሊሰሙዎት ፈቃደኛ ናቸው? ቀጠሮው በወር አንድ ጊዜ ነው ወይስ በሳምንት? የጸሎት ኅብረቱ የሰማውን ይጠብቃል ወይስ የእርስዎን ስም ጠርቶ በአደባባይ ይጸልያል? ጸበል ቦታ መድኃኒት አቋርጡ የሚል ካለ ይህን አይቀበሉ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። የጽዋ ማኅበር አባል ከሆኑ ደግሞ ጠላው ሲዞር ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ለሰብሳቢው ይንገሩ፤ በብርጭቆዎ ውሃ ወይም ብርዝ እንዲቀዳልዎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጾም ብዙ ሰው ያታልላል። ሁዳዴን 55 ቀን ሳይቀምስ ጾሞ በፋሲካ የሚጀምር ሰው «ስፈልግ አቆማለሁ፤ ሱስ የለብኝም» ይላል። ረመዳንን ጠብቆ በዒድ ማግስት የሚመለስም እንዲሁ። ጾሙ ማቆም እንደሚችሉ ያሳያል፤ ሳይጠጡ መኖር የሚማሩት ግን ጾሙ ሲፈታ ነው። ስብሰባ ከጾም ጋር ቢጀምሩ መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን ስብሰባ ግን ለፋሲካ ማግስት አያቆዩት።

ሙስሊም ሆኖ መጠጥ የያዘው ሰው የሚሸከመው ምስጢር እጥፍ ነው። መጠጡ ሐራም በመሆኑ ችግሩ እንዳለ እንኳ ለቤተሰብ መንገር ይከብደዋል፤ ሐረር ጁገል ውስጥ የሚኖር ከሆነ ደግሞ አፎቻው (የሐረሪው ዕድር)፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ ካለ ማንኛውም ስብሰባ ይልቅ በስልክ የሚደረግ ወይም በሌላ ከተማ ያለ ስብሰባ መጀመሪያ ይሻላል። የሚያምኑት አንድ ሸኽ ካሉ ከእርሳቸው ጋር በግል መነጋገር ይቻላል፤ ከጉባኤው ግን ልብ እስኪጠነክር መቆየት ነውር የለውም።

የሆስፒታል ቡድን

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ከመድኃኒት ጋር ምክር ይሰጣሉ፤ በቡድን የሚሰጥበት ጊዜ ካለ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የሚመራው ባለሙያ ነው፤ ድብርት ወይም ጭንቀት ከመጠጡ ጋር ካለ አብሮ ይታያል፤ እንደ ናልትሬክሶን ያለ አምሮትን የሚቀንስ መድኃኒት የሚገኝ ከሆነ በዚያው ይታዘዛል። ጉድለቱ ሰዓቱ ነው። የሆስፒታል ምክር በሥራ ሰዓት ይሰጣል፤ የጨብሲ ሰዓት ላይ የምክር ክፍሉ በር ዝግ ነው። ክትትሉም አንድ ቀን ያልቃል፤ ሱስ ግን ከፋይል ጋር አይዘጋም። ስለዚህ ሆስፒታሉን እንደ መነሻ፣ ሌላውን ቡድን እንደ መቀጠያ ይያዙ። ሌላው እንቅፋት «የአእምሮ ክፍል በር ላይ ታየ» መባሉ ነው። ያን የሚፈሩ ከሆነ ተራ ተመላላሽ ክፍል ገብተው ሐኪሙ እንዲልክዎ ያድርጉ።

በአካል ወይስ በስልክ፣ እዚህ ወይስ እዚያ

ድሬዳዋ ሰው በቅጽል ስሙ የሚታወቅባት ከተማ ናት። አንድ ሰው ለገሀሬ አካባቢ በአንድ በር ሦስት ማክሰኞ ከገባ በአራተኛው ባጃጅ ነጂው ምክንያቱን ይጠይቀዋል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ በ«አትፍሩ» አላልፈውም፤ መፍትሔ ልስጥ እንጂ።

አንዱ ከተማ መለዋወጥ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የድሬዳዋ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ፣ ደንገጎን ወጥቶ፣ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ገብቶ መቀመጥ ይችላል፤ የሐረሩም እንዲሁ ይወርዳል። ፊትን ለመሰወር ይረዳል። ገንዘብ ይጠይቃል፣ ማታ ለመመለስ አይመችም፣ አወዳይ ደግሞ የጫት ገበያው ያለበት ስለሆነ በዚያ ማለፍ ራሱ ለአንዳንዱ ፈተና ነው። ለሳምንታዊ ስብሰባ ይሆናል፤ ለየቀኑ አይሆንም።

ሌላው በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ ነው። ካሜራ መክፈት ግዴታ አይደለም፤ በቅጽል ስም መግባት ይቻላል፤ በአንድ ጠቅታ ይወጣሉ። ለመጀመሪያ ቀን ይህ ሁሉ ይረዳል፤ ከወር በኋላ ግን ይጎዳል፣ ማንም ያላየው ሰው መጥፋቱንም ማንም አያውቅምና። በእኔ እይታ በስልክ የሚጀመር ሰው ውሎ አድሮ ቢያንስ አንድ ሰው በአካል ማግኘት አለበት። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ጥሩ ዕድል አለን፦ ኒው ዮርክ ላይ እኩለ ቀን፣ ለንደን ላይ ከቀትር በኋላ በእነርሱ አቆጣጠር 5 ሰዓት የሚጀምር ስብሰባ ለእኛ በእነርሱ በጋ (ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ) ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእነርሱ ክረምት (ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ) ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይውላል። የጨብሲ ሰዓት ላይ ማለት ነው። በጥቅምትና በመጋቢት አካባቢ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በእነዚያ ሳምንታት ደግመው ያረጋግጡ። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ምሽት የሚደውሉለት አንድ ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።

ለሴቶችና ለቤተሰብ

ሴት ስትጠጣ የሚሰደበው መጠጡ ሳይሆን እርስዋ ናት፤ ስለዚህ ወንዶች በሞሉበት ክፍል የመጀመሪያዋ ሆና መግባት ከባድ ነው። ከመሄድዎ በፊት ሌላ ሴት እንዳለች ይጠይቁ፤ ከሌለች ደግሞ እኅትዎን ይዘው ክፍት ስብሰባ ላይ ይግቡ። አረቄ አውጥታ ወይም ጠላ ጠምቃ ልጆችዋን የምታሳድግ ሴት ችግርዋ ሌላ ነው፦ «ከመጠጥ ራቂ» የሚለው ምክር ለእርስዋ «ከእንጀራሽ ራቂ» ማለት ነው። ይህን የማይገነዘብ ቡድን አይጠቅማትም። እንዲህ ያለች ሴት ሥራዋን እስክትቀይር ድረስ ቅምሻውን ሌላ ሰው እንዲወስድላት፣ ሽያጩም የሚዘጋበት ሰዓት እንዲኖረው የሚመክር፣ ኑሮዋን ቆጥሮ የሚያናግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ለጠጪ ቤተሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ አል-አኖን የሚባል ኅብረት አለ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ናት። ሚስት፣ እናት፣ ልጅ የሚገቡበት ነው። የሚነገረው ጠጪውን ስለ ማስቆም አይደለም፤ እናቲቱ ሌሊቱን በር ላይ ቆማ ከመጠበቅ እንዴት እንደምታርፍ ነው። ጠጪው ስብሰባ እንቢ ቢል እንኳ እርስዎ ብቻዎን መሄድ ይችላሉ።

ቡድን ከሌለ

በኤኤ ልማድ መሠረት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ላለመጠጣት ብለው ከተሰበሰቡና ከሌላ ድርጅት ጋር ካልተጣበቁ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነቃሉ፤ እኛ ግን ዕድርና አፎቻ ይዘን የኖርን ሕዝብ ነን፤ ሰዓት ማስከበር፣ ሰብሳቢ ማፈራረቅ፣ የቀረውን መጠየቅ ከአባቶቻችን ያገኘነው ችሎታ ነው። ከዕድሩ የሚለየው መቅጫ አለመኖሩ ብቻ ነው፤ የቀረ ሰው አይቀጣም፣ ይፈለጋል።

ቦታው ግሮሰሪ አጠገብ አይሁን፤ በርጫ ቤትም አይሁን። የትምህርት ቤት ክፍል፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የአንድ አባል ግቢ ይበቃል። ሻይ ይፈላል። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። ሦስት ሕግ ይጻፍ፦ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፤ ጠጥቶ የመጣ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም፤ ገንዘብ መበዳደር የለም። የመጨረሻውን ሕግ አቅልለው አይዩት፤ ብድር የገባበት ቡድን ውስጥ ተበዳሪው የሚደበቀው ከመጠጥ ሳይሆን ከአበዳሪው ነው።

ሲሞክሩ የሚያዩት

አንድን ቡድን በአንድ ቀን አይፍረዱበት። በመጀመሪያው ቀን የሚሰሙት የራስዎን ልብ ምት ነው። ሦስት አራት ጊዜ ተቀምጠው ይመዝኑ። ሰው ሲናገር ማን ይስቃል? ባለፈው ሳምንት የወደቀው ሰው ዛሬ መጥቷል ወይ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የወደቁት የሚመለሱበት ክፍል ደኅና ክፍል ነው፤ ያቆሙት ብቻ የሚታዩበት ክፍል ግን የወደቁትን የሚያባርር ነገር አለው። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ተዉ የሚልዎት፣ አዲስ ገቢ ሴቶችን የሚከታተል ሰው ዝም የሚባልበት፣ ገንዘብ ካልከፈሉ አትናገሩም የሚል፣ ወይም በስብሰባ የሰሙትን ገበያ ላይ የሚያገኙበት ቡድን ካጋጠመዎ ያለ ይሉኝታ ጥለው ይውጡ። ቡድኑን ተዉ እንጂ ማቆሙን አይተዉ፤ በዚያው ምሽት ሌላ ስልክ ይደውሉ።

በመጀመሪያው ቀን መናገር ግዴታ አይደለም። «ስሜ እንዲህ ነው፣ ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ይበቃል። ከመውጣትዎ በፊት ግን የአንድ ሰው ስልክ ይቀበሉ፤ ከዚያም ለሰብሳቢው ይህን ይጠይቁ፦ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ስብሰባ አለ ወይ? «በዓል ስለሆነ አንሰበሰብም» ካሉ፣ በዚያ ምሽት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቀመጡ እዚያው እያሉ ይስማሙ፤ ቤቱን፣ ሰዓቱንና ሻዩን የሚያፈላውን ሰው ጭምር።